ፊቱን ወደ ሰሜን የመለሰ ቤት፦ በሐረር ጁገል የአንድ ሙዚየም ሕንጻና ግቢ ፎቶግራፍ (የጉዳይ ጥናት)

የሥራው መነሻ

በሐረር ጁገል ውስጥ በአሮጌ የነጋዴ ቤት የተቋቋመ አንድ የሥነ ጥበብና የቅርስ ሙዚየም የእንጨት ሰገነቱን ለማስጠገን ሲዘጋጅ ሁለት ዓይነት ፎቶግራፍ ፈለገ። አንዱ ለጥገናው የሚሆን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ፣ የተቀረጸ እንጨትና ስንጥቅ ከመነካቱ በፊት እንዴት እንደነበረ ማሳየት አለበት። ሌላው ለጎብኚዎች በራሪ ወረቀትና ለድረ ገጽ የሚሆን ነው። ሥራውን ከድሬዳዋ የመጡ ሁለት ፎቶ አንሺዎችና አንድ ረዳት ያዙት። ሦስት ቀን ይበቃዋል ተብሎ በታኅሣሥ አጋማሽ የተጀመረው ሥራ በሰኔ ሁለተኛ ጉዞ አስፈለገው። ከቤቱ አንድ ጎን ደግሞ አሁንም አላለቀም።

ሰዎቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ፤ መሣሪያቸውም የሚናቅ አልነበረም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራ፣ ከ16 እስከ 35 እና ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሄዱ ሁለት ዙም ሌንሶች፣ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ (ትራይፖድ)፣ ላፕቶፕና ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ይዘው መጡ። ያልያዙት የ10 ሜትር የመለኪያ ሜትርና ኮምፓስ ብቻ ነበር። ችግሩ ሁሉ ከነዚያ ሁለቱ መጣ።

ሕንጻውና ግቢው

ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዓለም ቅርስነት በመዘገባት ጁገል ውስጥ ከሚታወቁት የቤት ዓይነቶች አንዱ «የህንድ ቤት» የሚባለው ነው። ከ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ወደ ከተማዋ የገቡ ህንዳውያን ነጋዴዎች የሠሩት፣ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን፣ ፎቅና ምድር፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ሙዚየሙም የዚያው ዘር ነው። የፊት ገጹ 11 ሜትር ስፋት አለው። ጥልቀቱ 14 ሜትር ሲሆን ከመሬት እስከ ጣሪያው አናት 10 ሜትር ይሆናል። ሰገነቱ ከግድግዳው 1.2 ሜትር ወጥቷል። የፎቁ መስኮቶች ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ መስታወት ገብቶባቸዋል። ግድግዳው ኖራ ቅብ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል በሐረሪ ባህላዊ ቤት (ጌይ ጋር) አምሳል ተዘጋጅቷል፦ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች (ነደባ)፣ በግድግዳው ላይ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች፣ የተሰቀሉ ስፌቶች፣ ቀይ ወለል።

ግቢው ጠባብ ነው። ከቤቱ ፊት እስከ አጥሩ በር 7 ሜትር ብቻ አለ። በስተ ጀርባ የሮማን ዛፍና ቡገንቪሊያ ያለበት ሰፋ ያለ ቦታ ይገኛል። በምዕራብ በኩል 2.3 ሜትር ስፋት ያላት የጁገል ጠባብ መንገድ ታልፋለች። በምሥራቅ የጎረቤት ግንብ ተጠግቶታል።

ከሁሉም በላይ ሥራውን የወሰነው ግን ቤቱ ፊቱን ወደ ሰሜን መመለሱ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ፦ ታኅሣሥ

ታኅሣሥ የተመረጠው ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነበር። ምክንያቱ ለሌላ ቤት ይሠራል። ሐረር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፣ ወደ ደቡብ ምዕራብም ትጠልቃለች። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ አንዲት የፀሐይ ጨረር አያገኝም። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ትንሽ ቆይቶ ፀሐይ ይመታዋል» ተብሎ ተጠበቀ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት የተነሳው ሁሉ ጥላ የለበሰ ፊት ከጀርባው ከሚያንጸባርቅ ሰማይ ጋር ሆነ። ለግድግዳው የተስማማ ብርሃን ሲለካ ሰማዩ ወረቀት መሰለ። ለሰማዩ ሲለካ ደግሞ የሰገነቱ ቅርጻ ቅርጽ ጠፋ። ልዩነቱ ከ3 እስከ 4 ስቶፕ ነበር (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነው)።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነበር። 7 ሜትር ላይ ቆሞ 10 ሜትር ቤት ለመክተት ካሜራው ወደ ላይ ቀና ተደረገ። ካሜራ ቀና ሲል ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ሁሉ ወደ መሃል ይዘማሉ፤ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ይህን በኮምፒውተር ማቃናት ይቻላል ተብሎ ታለፈ። ሲቃና ግን የምስሉ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ሁለቱ የታችኛው ጠርዞች ይቆረጣሉ። በተረከቡት ምስሎች ላይ የግራና የቀኝ ዳር ምሰሶዎች እግር የለም። ለበራሪ ወረቀት ይህ ያን ያህል ላያስከፋ ይችላል። ለመዝገብ ግን ምስጥ የበላው የዚያ ምሰሶ እግር ስለሆነ፣ አናጢው የሚፈልገውም እሱኑ ስለሆነ ምስሉ ዋጋ አጣ።

ሦስተኛው የኖራው ነጭነት ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ ነጭ ግድግዳ ሲሞላበት ምስሉን ያጨልማል። በራስ ሰር የተነሱት ሁሉ ዝናብ የመታው ሲሚንቶ መሰሉ። ለነጭ ግድግዳ ከ1 እስከ 1.3 ስቶፕ መጨመር፣ ከዚያም የብርሃን ግራፉ (ሂስቶግራሙ) ቀኝ ጫፍ ሳይነካ መቅረቱን ማየት ያስፈልጋል።

በዚህ ጉዞ የተሳካም አለ። የደቡቡ ጀርባና የኋላው ግቢ በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስለሚያገኙ የሮማኑ ዛፍ፣ የድንጋይ ንጣፉና የኋላ ደረጃው ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅግ ጥሩ ሆነው ተነሱ። እነዚያ ምስሎች ዳግም አልተነኩም። ሙዚየሙ ጀርባውን ተቀብሎ ፊቱን መለሰ፤ ውሳኔው ትክክል ነበር።

በዚያው ጉዞ የተገኘ መውጫ፦ ድንግዝግዝ

በሦስተኛው ቀን ማታ ለሌላ ምክንያት ግቢ የቆየው ረዳት ነገሩን አስተዋለ። ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ነጩ ግድግዳ ደግሞ ከሰማዩ ሁሉ እኩል ብርሃን ስለሚቀበል ጥላ አይኖረውም። ከጠለቀች በኋላ ከ10ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰማይና ግድግዳ ይመጣጠናሉ። ከውስጥ መብራት ሲበራ ባለቀለሙ መስታወት ራሱን ያሳያል። በእኛ አገር ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን «አንድ ሰዓት» የሚጠብቅ ሰው ጨለማ ይቀድመዋል። ሁሉ ነገር ቀድሞ ተዘጋጅቶ መቆየት አለበት።

የተሠራው እንዲህ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከ40 ደቂቃ በፊት መቆሚያው ተተከለ፣ ካሜራው በውሃ ልክ ተስተካከለ፣ ትኩረቱ በእጅ ተቆለፈ። አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8። ብርሃን የሚገባበት ጊዜ መጀመሪያ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ በየሁለት ደቂቃው እየተለካ እስከ 15 ሰከንድ። ማንሻው በእጅ አልተነካም፤ የ2 ሰከንድ ማዘግያ ተደረገለት። ከነዚህ ምስሎች አንዱ የበራሪ ወረቀቱ ሽፋን ሆኗል። ለመዝገብ ግን አይሆንም፤ ከመብራቱ የሚመጣው ቢጫ ቀለም የእንጨቱን እርጥበትና የቀለም ልጣጭ ይሸፍነዋል።

ለዚህ ሰዓት ዘበኛውን ማቆየት ግድ ነው፤ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያም ቀድሞ በውል ላይ ቢገባ ይሻላል። በዚህ ሥራ ላይ ስላልገባ በሁለተኛው የድንግዝግዝ ማታ በሩ ተዘጋ።

ከሁለተኛው ጉዞ በፊት የተሠራው ሂሳብ

በመጀመሪያው ጉዞ ማግስት ሁለት ነገር ተለካ፦ ቤቱ የሚያይበት አቅጣጫና ካሜራው ሊቆምበት የሚችለው ርቀት ሁሉ። ይህ ግማሽ ቀን ብቻ ወሰደ።

የርቀቱ ሂሳብ ቀላል ነው። በምስሉ ውስጥ የሚገባው ስፋት ርቀቱ በሴንሰሩ (ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ስፋት ተባዝቶ ለሌንሱ ርዝመት (በላዩ ለተጻፈው ሚሊ ሜትር) ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሙሉ ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የአጥሩ በር ተከፍቶ መቆሚያው ደፉ ላይ ቢተከል ርቀቱ ከ7 ወደ 7.6 ሜትር ያድጋል። በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራው ቆሞ (ረጅሙ ጎን ወደ ላይ ሆኖ) ሲያነሳ ወደ ጎን 7.6 × 24 ÷ 16 = 11.4 ሜትር ይገባል። ቤቱ 11 ነው፤ በየዳሩ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ወደ ላይ ደግሞ ካሜራው ቀና ሳይል፣ ፍጹም በውሃ ልክ ሆኖ፣ ከሌንሱ ከፍታ በላይ 7.6 × 18 ÷ 16 = 8.55 ሜትር ይታያል። ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ከሆነ 10.15 ይደርሳል፤ የጣሪያው አናት ጠርዙን ሊነካ ነው። መቆሚያው ተረዝሞ ካሜራው 2.6 ሜትር ሲደርስ 11.15 ሆነ፤ ቤቱ መተንፈሻ አገኘ። ፎቶ አንሺው መሰላል ላይ ሆኖ ያያል።

ከፍሬሙ በታች የሚቀረው ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ለኅትመት ሲዘጋጅ ተቆርጦ ይጣላል። ከምስሉ ሲሶው ገደማ ይሄዳል፣ ከ24 ሜጋፒክስል 16 ያህል ይቀራል። ያ ለበራሪ ወረቀት ይበቃል። ዋናው ትርፍ ምሰሶዎቹ ያለ ምንም ማቃናት ቀጥ ብለው መውጣታቸው ነው። ለማረጋገጫ ከሰገነቱ ላይ ቱንቢ ወርዶ በምስሉ ውስጥ እንዲታይ ተደርጓል። አሮጌ ቤት ራሱ ሊያዘም ስለሚችል ካሜራው ያዘመውና ግድግዳው ያዘመው የሚለየው በቱንቢ ነው። ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው መሣሪያ ነው፤ ፎቶ አንሺዎች ለምን እንደማይዙት አይገባም።

ይህ ሂሳብ ገንዘብም አዳነ። ከአዲስ አበባ ባለ 24 ሚሊ ሜትር ተንሸራታች ሌንስ (መስታወቱ ወደ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ሊገፋ የሚችለውን) ለመከራየት ታስቦ ነበር። ሲሰላ ካሜራው ተጋድሞ ወደ ላይ 7.6 × 24 ÷ 24 = 7.6 ሜትር፣ ከ1.6 ጋር 9.2 ሜትር ብቻ ያሳያል፤ አናቱ ይቆረጣል። ካሜራው ቢቆም ደግሞ ወደ ጎን 7.6 ሜትር ብቻ ስለሚገባ የቤቱ ዳሮች ይቀራሉ። ባለ 17 ሚሊ ሜትሩ ቢገኝ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። በእጅ ያለው ተራ ዙም በትክክለኛው ቦታ ሲቆም ውድ ሌንስ በተሳሳተው ቦታ የማይሠራውን ሠራ።

የፀሐዩ ሂሳብ ሌላውን ግማሽ ፈታ። ፀሐይ በሐረር አናት ላይ የምታልፈው በዓመት ሁለቴ ነው፦ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ። በነዚህ መካከል እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ከሁሉ የተሻለ ብርሃን የሚያገኘው በሰኔ ነው። ያኔም ቢሆን ሁሉም ሰዓት አይሆንም። በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል 1.2 ሜትር የወጣው ሰገነት ወደ ታች 4.8 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። ከጠዋቱ 1፡45 ገደማ ግን ጥላው 1.5 ሜትር ነው፤ 2፡15 ላይ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል። ብርሃኑ ከምሥራቅ በ22 ዲግሪ ገደማ ብቻ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ስለሆነ ግድግዳውን እየላሰ ያልፋል። የተቀረጸ እንጨት፣ የተላጠ ኖራና ስንጥቅ ጎልተው የሚወጡት በእንዲህ ዓይነቱ ብርሃን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የምሥራቁ ጎረቤት ግንብ ፀሐይን ይከልላል። ስለዚህ የሥራው መስኮት ከ1፡35 እስከ 2፡20፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ፦ ሰኔ

ለአራት ጠዋት ታቀደ፤ ሁለቱ ደመናማ ሆኑ። ደመናውም ቢሆን አልባከነም፤ ጥላ የሌለበት ለስላሳ ብርሃን ስለሆነ የእንጨቱን የቀለም ሁኔታ ለመመዝገብ ዋለ። በሁለቱ ጥርት ያሉ ጠዋቶች የፊት ገጹ ተጠናቀቀ።

ከመነሳቱ በፊት ግቢው ይጸዳል። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ከሁሉ ብዙ ሰዓት የሚበላው ነው። ከፍሬሙ የወጡት የውሃ ጎማ፣ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ፣ የደረቀ ጨርቅ፣ የቆሻሻ በርሜልና የአንድ ሠራተኛ ሞተር ብስክሌት ናቸው። የጣሪያው ጥቁር ሮቶና የሳተላይት ዲሹ ግን አልተነኩም። አንዱ ፎቶ አንሺ በኮምፒውተር ሊያጠፋቸው ፈልጎ ነበር። ለመዝገብ በሚሆን ምስል ላይ ምንም ነገር አይጠፋም፤ ሮቶው የተቀመጠበት ግድግዳ ለምን እንደሰነጠቀ የሚነግረው ራሱ ሮቶው ነው። ለበራሪ ወረቀቱ ደግሞ ማጥፋት ሳያስፈልግ ካሜራው ወደ ግራ አንድ ሜትር ሲሄድ ዲሹ ከምሰሶ ጀርባ ተደበቀ።

ትኩረቱ እንዲህ ተያዘ። በ16 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8 ትኩረቱ 5 ሜትር ላይ ሲቆለፍ ከፊት ያለው ንጣፍም ግድግዳውም ጥርት ይላሉ። በ24 ሚሊ ሜትር ለሚነሱት የግቢ ምስሎች 2.4 ሜትር ላይ ማቆም ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ሁሉንም ያጠራል። ኤፍ 16 በመጀመሪያው ጉዞ ተሞክሮ አልጠቀመም። የሐረር አቧራ ሌንስ ሲቀየር ሴንሰሩ ላይ ተቀምጦ በነጩ ግድግዳ ላይ እንደ ዝንብ ነጠብጣብ ታየ። ቀዳዳው ሲጠብ ነጠብጣቡ ይጎላል። ከዚያ ወዲህ ሌንስ የሚቀየረው ውስጥ ገብቶ፣ ካሜራው ተዘግቶ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ነው።

ነጸብራቅ የሚቀንሰው የፖላራይዘር ፊልተር በሰፊ ሌንስ ላይ ተሞክሮ ተተወ። ሰማዩን በአንድ በኩል ጥቁር ሰማያዊ በሌላው ፈዛዛ አድርጎ ከፈለው። ለቡገንቪሊያው ቅጠልና ለመስታወቱ ነጸብራቅ ግን በረጅም ሌንስ ጠቅሟል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። ከበሩ ውጭ ያለው የመንገዱ ግንብ አረንጓዴ ቅብ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ከኖራው ላይ አረንጓዴ ያንጸባርቃል። በዓይን አይታወቅም፣ በምስል ይጮኻል። መድኃኒቱ በየብርሃኑ ለውጥ አንድ ምስል ከግራጫ ካርድ (ለቀለም ማመሳከሪያ ከሚያዝ) ጋር ማንሳትና ፋይሉን በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ መልክ) ማስቀመጥ ነው።

የውስጥ ክፍሎች

በፎቁ አዳራሽ ከቀለም መስታወቱ የሚገባው ብርሃንና የጥግ ጨለማው ልዩነት 9 ስቶፕ ደረሰ። ይህን በአንድ ምስል በንጽሕና መያዝ ይከብዳል። በየቦታው 5 ምስል፣ በመካከላቸው 2 ስቶፕ እየተለያየ ተነስቶ በኋላ ተዋሃደ። የተበላሹት መስኮቱ የተከፈተባቸው ናቸው፤ መጋረጃውና የውጭው ቅጠል በነፋስ ስለተንቀሳቀሱ እንደ መንፈስ ድርብ ሆነው ወጡ። መስኮት ይዘጋል፤ ማራገቢያም ይጠፋል።

የመብራቱ ጉዳይ በአጋጣሚ ተፈታ። በጣሪያው ላይ ሁለት ዓይነት አምፖል ነበር፣ አንዱ ቢጫ አንዱ ሰማያዊ የሚያደላ። ሁለቱ ከቀለም መስታወቱ ጋር ሲቀላቀሉ ማንም ፕሮግራም ሊያስተካክለው የማይችል ቀለም ተፈጠረ። አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። የዚያን ጠዋት ምስሎች ከሁሉም ይበልጣሉ። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ሆን ተብሎ ጠፋ።

ጌይ ጋር ክፍሉ ለየት ያለ ነው። ወለሉ ቀይ ስለሆነ ከበሩ የገባው ብርሃን ወለሉን መትቶ ግድግዳውን ሁሉ ያቀላዋል። ያንን ቅላት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስሕተት ይሆናል፤ ክፍሉ በዓይንም እንዲያ ነው የሚታየው። ግራጫው ካርድ ከወለሉ ርቆ ከበሩ ትይዩ ተይዞ ተለካ፤ የቀረው ቅላት ተተወ። ስፌቶቹ ላይ ፍላሽ አልተተኮሰም። የሙዚየሙ ደንብ ነው፤ ባይሆንም ፍላሽ የስፌቱን አሠራር ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ጎረቤትና ፈቃድ

ከላይ ለማንሳት ድሮን ተጠይቆ ነበር። ያለ ፈቃድ ማስነሳት አይቻልም፤ ፈቃዱ ደግሞ ለአራት ቀን ሥራ አይደርስም። በምትኩ የምሥራቁ ጎረቤት ሰገነት ተለመነ። በጁገል ግቢ የቤተሰቡ ገመና ነው፤ ከላይ የሚያይ ካሜራ ሳይጠየቅ የሰው ግቢ ውስጥ ይገባል። የቤቱ እመቤት ፈቀዱ፤ ሆኖም ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ቤቱን አንሳ። የእኔን ግቢ ግን እንዳታነሳብኝ።»

«እሺ እማማ፤ እርስዎ ካላዩት አንድም አይወጣም። ያልወደዱትን እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

ከተነሱት ውስጥ ሦስቱ በፊታቸው ጠፉ። ከቀሩት አንዱ የቆርቆሮውን ዝገት ከነመፍሰሻው ስለሚያሳይ ለጥገናው ከሁሉ የጠቀመው ሆኗል። በበሩ ደፍ ላይ መቆሚያ መትከልም የመንገድ ጉዳይ ነው። ረዳቱ ውጭ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያሳልፋል፤ ዓርብ ከቀትር በፊትና በኋላ መቆሚያው ከመንገድ ይነሳል።

መዝገቡ

ለጥገናው የሚሆነው ክፍል ከውበቱ የተለየ ሥርዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተውና የቅርስ አመዘጋገብ ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሲፓ «የ3 በ3 ሕጎች» በሚባለው መመሪያው የሚያዘውን ቡድኑ በአቅሙ ተከተለ። የሌንሱ ርዝመት በሥራው መሃል አይቀየርም፤ ዙሙ በፕላስተር ታሰረ። ቤቱ ዙሪያውን ይነሳል፣ ተከታታይ ምስሎች ከግማሽ በላይ ይደራረባሉ። ምስል አይቆረጥም፣ አይቃናም። በየገጹ ቢያንስ አንድ የተለካ ርዝመት መኖር አለበት፤ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ የተቀባ የ2 ሜትር ዘንግ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ተነሳ። በፊት ገጹ ላይ ምሰሶዎቹ ከምሥራቅ ጀምሮ ቁጥር ተሰጣቸው። የፋይሉ ስም ቁጥሩን፣ ከፍታውንና ቀኑን ይይዛል። በመጀመሪያው ጉዞ ይህ ስላልተደረገ አንድ ዓይነት የሚመስሉ የምሰሶ ራሶች የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊለይ አልቻለም፤ ሁሉም ዳግም ተነሱ።

ፋይሉ በየማታው ሦስት ቦታ ተቀመጠ፦ በላፕቶፑ፣ ከቡድኑ ጋር በሚሄድ ዲስክና በሙዚየሙ ካዝና ውስጥ በሚቀር ዲስክ። ካርዱ እስኪረጋገጥ አይደመሰስም። ሐረር ምስል ሲጠፋባት ይህ የመጀመሪያዋ አይሆንም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 እዚሁ ስላነሳቸው ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲጽፍ፣ ያጠበበት መጥፎ ውሃ እንዳነጣቸው ተናግሯል።

የቀረው ጎን

የምዕራቡ ግድግዳ አላለቀም። 14 ሜትር ርዝመት፣ 9 ሜትር ከፍታ ያለውን ግድግዳ ከ2.2 ሜትር ርቀት በአንድ ምስል የሚከት ሌንስ የለም። ስለዚህ በተከታታይ መነሳት አለበት። ካሜራው ቆሞ በ16 ሚሊ ሜትር አንዱ ምስል 3.3 ሜትር ስፋትና 4.95 ሜትር ከፍታ ይይዛል። በየ1.3 ሜትሩ እየተራመዱ 10 ምስል ሲነሳ 60 በመቶ ይደራረባል። የመጀመሪያው ረድፍ ካሜራው 2.4 ሜትር ላይ ሆኖ ተነሳ፤ ከመሬት እስከ 4.9 ሜትር ተሸፈነ። ሁለተኛው ረድፍ ካሜራው በዘንግ ጫፍ ታስሮ በስልክ እየታየ 5 ሜትር ላይ ተነሳ፤ እስከ 7.5 ሜትር ደረሰ። ዘንጉ ከዚያ በላይ ሲረዝም ይወዛወዛል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ፍጥነቱን ወደ 1/500 ሰከንድ ማሳደግ መደብዘዙን ቢቀንሰውም ካሜራው ወደ ግድግዳው ማዘንበሉን አላቆመውም።

ከጣሪያው ክፈፍ በታች ያለው 1.5 ሜትር ግድግዳ ቀርቷል። ውሃ የሚገባው እዚያው ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት ጣሪያ ላይ ሆኖ በሦስት ምስል ይገኛል። ባለቤቱ ፈቅደዋል፤ ቆርቆሮው የሰው ክብደት እንዳይጎዳው መረማመጃ ሳንቃ ይዛችሁ ኑ ብለዋል። ግድግዳው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ፣ ከ9፡30 ወዲህ፣ በማንኛውም ወቅት ነው። ሳንቃው 4 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከሁለት የጣሪያ ማገር በላይ እንዲያርፍ።